የጥርስ ‘ነርቭ’ ወይስ የጥርስ መቅኔ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለጥርስ ሕክምና ተማሪዎች አጭር ማስታወሻ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ጥርስ ውስጥ ያለውን ለስላሳ ነገር፣ ‘ፐልፕ’ የሚባለውን፣ ምን ልበለው? ሐኪሞቹ ‘ነርቭ’ ይሉታል። አንድ ጓደኛዬ ‘የጥርስ ልብ’ በይው አለኝ። ፐልፑን የከበበው ጠንካራ የጥርስ ክፍል፣ ‘ዴንቲን’ስ አማርኛ አለው?

መልስ፦ የጥርስ መቅኔ በይው። መልሱ ይኸው ነው። የቀረው ክርክር ነው፤ ክርክሩ ግን ደስ ይለኛል።

ከ‘ነርቭ’ ልጀምር። እውነት ነው፣ እዚያ ውስጥ ነርቭ አለ። ደም ሥርም አለ። ዳር ዳሩን ደግሞ ኦዶንቶብላስት የሚባሉት ሕዋሳት ተሰልፈዋል፤ ዴንቲንን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ይህን ሁሉ ‘ነርቭ’ ማለት ግቢውን በዘበኛው ስም መጥራት ነው። ዘበኛው ስለሚጮህ ብቻ!

ለዚያውም ዘግይቶ የተቀጠረ ዘበኛ ነው። ጥርስ የሚጀምረው ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ፣ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። መጀመሪያ እምቡጥ ይመስላል፤ ቀጥሎ ቆብ፣ ከዚያ ደወል። ከደወሉ ሥር ያለው ለስላሳ አካል ነው በኋላ ፐልፕ የሚሆነው። ዴንቲኑን የሚሠሩት ሕዋሳት የሚወጡት ከዚያው አካል ነው። ሥራቸው የለሳኝ ሥራ ነው፤ ግድግዳውን ከውስጥ እየለሰኑ ወደ መሃል ያፈገፍጋሉ። ጥርሱ ከወጣ በኋላም ልስኑ አይቆምም፤ በእርጅና ክፍሉ የሚጠበው ለዚህ ነው። ነርቩ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ግን ዴንቲኑ መሠራት ከጀመረ በኋላ ነው። ታዲያ ስሙን ለሱ የሰጠነው በምን ሒሳብ ነው?

የጓደኛሽ ‘ልብ’ ባዶ እጁን አልመጣም። ዐረቦች ፐልፑን ‘ሉብ’ ይሉታል፤ የፍሬ ውስጥ፣ አስኳል እንደማለት ነው። ከእኛው ልብ ጋር ሥሩ አንድ ነው። በማስረጃ ብቻ ከሄድን ልብ ሳያሸንፍ አይቀርም። እኔ ግን አልወደውም። በአማርኛ ልብ ያስባል፣ ይፈራል፣ ይሸፍታል። የሸፈተ ጥርስ ማሰብ አልችልም። በቃ፣ ጆሮዬ አልቀበል አለ።

መቅኔ የአጥንት ውስጥ ነው፤ ሥጋ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ‘ቅልጥም’ የሚሉም አሉ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዕብራውያን 4፥12 ላይ የሚለው ቅልጥም ነው፤ ጅማትና ቅልጥም። ለእኔ ግን ቅልጥም ሲባል ትሪ ላይ ያለው አጥንት ራሱ ይመጣብኛል። ግዕዙ ‘አንጕዕ’ አለው፤ እሱን አሁን ከመቃብር የሚያስነሣው የለም። ጀርመኖች ፐልፑን ‘ጻንማርክ’ ይሉታል፣ ቃል በቃል የጥርስ መቅኔ። ዴንቲኑን ደግሞ ‘ጻንባይን’፣ የጥርስ አጥንት። አጥንት ካለ መቅኔ አለ፤ አያምርም?

እዚህ ላይ የሚሞግተኝ ወገን አለ። መቅኔ ደም ይሠራል፣ ፐልፕ አይሠራም፣ ስለዚህ ስሙ ተማሪውን ያሳስታል ይላል። ደም አለመሥራቱ ልክ ነው። ግን ስም በቦታና በመልክም ይወጣል። ደግሞስ እ.ኤ.አ. በ2000 ተመራማሪዎቹ እነ ስታን ግሮንቶስ ከሰው ፐልፕ ውስጥ ስቴም ሴል፣ ማለትም ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊሆን የሚችል ሕዋስ፣ ሲያገኙ ያወዳደሩት ከምን ጋር ነበር? ከአጥንት መቅኔ ሕዋሳት ጋር! በ2003 ደግሞ እንዲህ ያለው ሕዋስ ከወተት ጥርስም ወጣ። ልጆች ሆነን ጣሪያ ላይ የወረወርነው ያ ጥርስ።

‘ዴንቲን’ን ተይው፣ እንዳለ ጻፊው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1840 አካባቢ ያወጣው እንግሊዛዊው የአካል አጥኚ ሪቻርድ ኦወን ነው፤ ‘ዴንስ’ ከሚለው ላቲን፣ ጥርስ ማለት ነው።

ጥርስ ካልን አይቀር፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ እንቅልፍ አይወስደኝም። በግዕዝ የጥርስ ሁሉ ስም ‘ስን’ ነው፤ ትግርኛ ‘ስኒ’ ብሎ ይዞታል። ‘ፅርስ’ የመንጋጋው ብቻ ነበር። ዐረብኛም እንዲሁ ‘ሲን’ እና ‘ድርስ’ ብሎ ይለያል። አማርኛ ፀጉርን ጠጉር እንዳለው ፅርስን ጥርስ አለው፤ ከዚያ የመንጋጋውን ስም ለሁሉም ሰጠ። ኋላ ቸገረውና ለራሱ ለመንጋጋው ‘መንጋጋ ጥርስ’ ማለት ግድ ሆነበት። በነገራችን ላይ ‘ሥነ ጽሑፍ’ን በእሳቱ ሰ የምትጽፉ ሰዎች፣ በግዕዝ ዓይን ‘የጽሑፍ ጥርስ’ እያላችሁ ነው።

ወደ ጉዳያችን። ባለፈው ጥርሴን አሞኝ ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ፎቶውን አይቶ “ጋሼ፣ ነርቩ ተነክቷል” አለኝ። “መቅኔው ማለትህ ነው” አልኩት። “የምኑ መቅኔ?” አለና እግሬን አየ። ያን ቀን ለካርድ ክፍሏ ልጅ ምን ልታከም እንደመጣሁ ስነግራት፣ እኔው በገዛ አፌ ‘ነርቭ’ ብያለሁ።

ስለዚህ በማስታወሻሽ ላይ መጀመሪያ ‘የጥርስ መቅኔ’ በይ፣ ‘ፐልፕ’ን በቅንፍ አስከትይለት፣ ከዚያ በኋላ መቅኔ እያልሽ ቀጥይ። ታካሚ በሚያነበው ወረቀት ላይ ግን ‘ነርቭ’ ብለሽ ጻፊ። ቅር እያለኝ ነው የምልሽ።