በጀት ሲቀነስ ግድግዳው ምን ይሆናል?

ልጆቼ፣

ራሱ የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ግድግዳ ለመሥራት የምታስቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ደስ ይለኛል። ግን ድሮዊንግ ከመጀመራችሁ በፊት የአንድ የፓሪስ ሕንፃ ታሪክ ስሙኝ።

ታዋቂው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ ሳልቬሽን አርሚ ለሚባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት የሠራው የችግረኞች መጠለያ ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። በደቡብ በኩል ያለው ፊቱ ትልቅ የታሸገ መስታወት ነበር፤ የሚከፈት መስኮት የለውም። ሐሳቡ ግሩም ነው። መስታወቱ ድርብ ይሆናል፤ በመሃሉ ሲበርድ የሞቀ፣ ሲሞቅ የቀዘቀዘ አየር ይዘዋወራል። ገንዘብ አጠረና ሁለተኛው መስታወት ቀረ። ማቀዝቀዣውም ቀረ። እሽጉ ግን እንዳለ ተሠራ።

ብርዱ በደህና አለፈ። ሙቀቱ ሲመጣ ፀሐይዋ ገብታ መውጫ አጣች። እናቶችና ሕፃናት ነበሩበት። የከተማው ባለሥልጣናት መስኮት ይውጣለት ሲሉ አርክቴክቱ አጥብቆ ተከራከረ። በኋላ ግን የሚከፈቱ መስኮቶች ወጡለት፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ደግሞ ከውጭ የፀሐይ መከለያ ተጨመረለት።

ይህን ተማሪ ሳለሁ አውቀው ነበር። አውቄውም ራሴ ደገምኩት። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ቢሮ ሕንፃ ባለቤት ወጪ ለመቀነስ "መከለያው ይቅር" አለኝ። እሺ ብዬ ፈረምኩ። መስታወቱን መቀነስ፣ መስኮቱን ማብዛት ነበረብኝ። ዛሬም በምዕራብ በኩል ያሉት ሠራተኞች ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መጋረጃ ዘግተው፣ መብራት አብርተው ይሠራሉ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

እንዲህ ያለ ግድግዳ አንድ አካል ነው። አንዱ ሲቀነስ ሌላውን እንዳለ አትተዉት፤ እንደገና ከሀ ጀምሩ። ባለቤቱ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ።

የተሳካውንም እዩ። ጀርመን፣ ኤሰን ከተማ፣ ዞልፌራይን የሚባል የተዘጋ የከሰል ማዕድን አለ። ጉድጓዱ በውሃ እንዳይሞላ ውሃው ሁልጊዜ በፓምፕ ይወጣ ነበር። የሚወጣው ከ1000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ስለነበር ሞቃት ነበር። ጃፓናውያኑ አርክቴክቶች ካዙዮ ሴጂማና ርዩዌ ኒሺዛዋ በ2006 እ.ኤ.አ. እዚያ የተጠናቀቀውን ትምህርት ቤት ሲነድፉ፣ ይህንን ሙቀት በኮንክሪቱ ውስጥ በተቀበሩ ቱቦዎች አዞሩት። ስለዚህ ግድግዳው ስስ ሆኖ ቀረ፤ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ ሌላ የሙቀት ማገጃም አላስፈለገውም። ሙቀቱ ወደ ውጭም ያመልጥ ነበር። ግን ለማንኛውም ሊደፋ የነበረ ሙቀት ነው።

ያንኑ ግድግዳ የሞቀ ውሃ በሌለበት አገር ብትገነቡት ሰው ይበርደዋል።