የኋላ ፍሬን ሲፋጭ፦ ታምቡሩ ሳይከፈት ዕቃ አትግዛ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን በደንብ አነበብኩት። ማንዋል ቪትዝ ነው፣ ፍሬን ስትይዝ ከኋላ በቀኝ በኩል ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምጽ አለ፣ አንዱ ጋራዥ የፊት ሸራ (ፍሬን ስትይዝ ተፋትጎ ጎማውን የሚያቆመውን) ቀይሮልህ ድምጹ እዛው ነው፣ ሌላው ደግሞ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ነው ግዛ ብሎህ መለዋወጫ ልትገዛ ሶማሌ ተራ ልትሄድ ነው። ቆይ፣ አትሂድ። እስካሁን ካየልህ ሰው ውስጥ አንድም የኋላውን ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞረውን፣ ሸራዎቹን የሸፈነውን ክብ ብረት) ከፍቶ ያየ የለም፣ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ፍሬን በግምት የሚሰራ ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ድምጹ በእርግጥ ከኋላ መሆኑን አረጋግጥ። ሰውም መኪናም የሌለበት ሜዳ ቦታ በ20 ኪሎሜትር ፍጥነት እየሄድክ የእግር ፍሬኑን ሳትነካ የእጅ ፍሬኑን ቀስ አርገህ ሳብ፣ ግን ጫፉ ላይ ያለችውን መጫኛ ሳትለቅ፣ ወዲያው መመለስ እንድትችል። የቪትዝ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ ያ ድምጽ ከመጣ በቃ ከኋላ ነው ማለት ነው፣ የፊቱን ሸራ ያለጥፋቱ ነው የቀየርከው። ኩሽኔታ ደግሞ ፍሬን ያዝክ አልያዝክ አይገደውም፣ ፍጥነት በጨመርክ ቁጥር የሚጨምር "ሁውው" የሚል ድምጽ ነው፣ መታጠፊያ ላይም ይለዋወጣል። አንተ ፍሬን ስይዝ ብቻ ነው ብለሃል፣ ስለዚ ኩሽኔታውን እርሳው። ዝናብ ባደረ ማግስት ጠዋት ሁለት ሶስቴ ፍሬን ስትይዝ ተሰምቶ የሚጠፋ ሻካራ ድምጽ ዝገት ነው፣ እሱ አያሳስብም፣ ያንተ ግን ቀኑን ሙሉ ነው።

አሁን መክፈት ነው። የፊት ጎማዎቹን ታኮ አርግባቸው፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ (ካልለቀቅከው ታምቡሩ አይወጣም)፣ በክሪክ ካነሳህ በኋላ ካቫሌቶ (መኪናውን ከስር ደግፎ የሚይዝ መቆሚያ) ሳታስገባ እንዳትጀምር። ጎማው ሲወጣ ታምቡሩ አልወጣም ካለ በመዶሻ ጠርዙን አትደብድብ፣ ይሰነጠቃል። ፊቱ ላይ ውስጣቸው የብሎን ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፣ 8 ሚሊሜትር ብሎን ሁለቱም ውስጥ አስገብተህ አንዴ ይሄን አንዴ ያንን እያጠበክ ስትሄድ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል።

ስትከፍተው ምን ታያለህ? ሸራው ከ1 ሚሊሜትር በታች ከሆነ አልቋል፣ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ብረቱ ታምቡሩን እየፈጨው ነው። አሮጌ ብረት ላይ ሸራ ያስለጠፉም አሉ፣ የተለጠፈው ሲላቀቅ በትክክል አንተ የምትለውን ድምጽ ነው የሚያወጣው። የተበጠሰ ሞላ ወይ የገባ ጠጠርም ሊሆን ይችላል። ግን እዚህ ጋ ቆም በል፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ግራውንም ክፈትና አወዳድር። የኋላ ሸራ ከፊቱ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው፣ ቀኙ አልቆ ግራው ገና ከሆነ ሸራው በራሱ ጊዜ አላለቀም፣ የጨረሰው ነገር አለ። ብዙ ጊዜ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ አልመለስ ብሎ ነው፣ ሸራው ሁሌ ታምቡሩን እየነካ ይሄዳል። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ የእጅ ፍሬኑን እየሳበ ይልቀቅልህ፣ አንተ ከስር ገመዱ ወዲያው መመለሱን እይ። ቀጥሎ ከላይ ሸራዎቹን የምትገፋው ትንሽዬ ሲሊንደር አለች፣ የጎን ላስቲኳን ገለጥ አርግ፣ ውስጡ በፍሬን ዘይት ከራሰ እያፈሰሰች ነው፣ ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ በምንም ተአምር ታጥቦ አይመለስም። እነዚህን ሳታስተካክል ሸራ ብቻ ብትቀይር ድምጹ ይጠፋል፣ ከትንሽ ጊዜ በኋላ እዛው ነህ። እና የፍሬን ዘይቱ ከቀነሰ ወይ ፔዳሉ ወደ ታች ከወረደ እስኪሰራ ድረስ መኪናውን አታንቀሳቅሰው፣ ቤተሰብ ነው የምትጭንበት።

ሸራ ሲገዛ የግራና የቀኙ ባንዴ ነው፣ አንዱን ጎን ብቻ ከቀየርክ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ በኩል ይጎትትሃል። ስትፈታም አንዱን ጎን ጨርሰህ ወደሌላው እለፍ፣ ሞላዎቹ ሲምታቱብህ ያልተፈታውን አይተህ ትገጥማለህ። ሸራው ከታምቡሩ ያለውን ርቀት የምታስተካክለው ጥርስ ያላት ማስተካከያ የግራና የቀኝ አላት፣ እንዳትቀያየር። ታምቡሩ ተቧጭሮ ከሆነ ቶርኖ ቤት ይስተካከላል፣ ግን ስንት ድረስ መላጨት እንደሚቻል ራሱ ላይ ተጽፏል፣ ከዛ ካለፈ ይጣል፣ ቶርኖ ቤቱ "ትንሽ ናት ምንም አይልም" ቢልህም አትስማው።

አቧራውን በኮምፕሬሰር አታስነፋ፣ የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል፣ ሳንባ ነው የሚገባው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። በቤንዚን ማጠብ ደግሞ ጋራዡ ሁሉ የሚሰራው ጥፋት ነው፣ የሲሊንደሯ ጎሚኒ ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ፍሬኑ አልለቅ ይላል። በፍሬን ማጽጃ ወይ በሳሙና ውሃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ።

ከገጠምክ በኋላ ማስተካከያዋን አጥብቀህ ጎማው በእጅ ሲዞር ሸራው በጣም ትንሽ ብቻ እንዲነካ አርገው፣ ዳዶዎቹን በመስቀል አጥብቅ፣ መኪናውን ሳታንቀሳቅስ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጥ። ከዛ ትንሽ ነድተህ ቁምና እጅህን ወደ ሁለቱም የኋላ ቸርኬ አስጠጋ፣ ሳትነካ። ቀኙ አሁንም ከግራው በላይ የሚያቃጥል ከሆነ የእጅ ፍሬኑ ገመድ አሁንም አልተስተካከለም፣ ሸራውን ሳይጨርስብህ ተመልሰህ እሱን ቀይር።