ላፕቶፑን ልሽጠው ወይስ ይቆይ?

ጤና ይስጥልኝ፣

የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገባ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ እናቱ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም እንዲህ የምለው። መምህር ክፍል ውስጥ የተናገረውን ማታ ለእህቱ አንድ ሳያስቀር ያስረዳታል። ስለ ፋሲል ግቢ ከጠየቁትማ አስጎብኚ ነው የሚመስለው። መጽሐፍ ሲሰጡት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። አንድ ገጽ ላይ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ መስመር ይዘላል፣ «ሰ»ን «ሸ» ይላል፣ ከሰሌዳ ገልብጦ ሳይጨርስ ይደወላል። 8ኛ ክፍልን ያለፈው በመከራ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነና ጭራሽ ባሰበት።

መምህራኑ «ሰነፍ ነው» ይላሉ። አባቱ «ቀብጦ ነው» ይላል። አንዲት የማውቃት ነርስ ግን ዲስሌክሲያ የሚባል ነገር ሊሆን ይችላል፣ ኮምፒውተር ያግዘዋል አለችኝ። እቁብ ሲደርሰኝ ፒያሳ ሄጄ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁለት። ይኸው ኳስ ይጫወትበታል! አባቱ «ሽጪውና እንረፍ» እያለ ነው። ልሽጠው? ካልሸጥኩትስ ምን ላስጭንበት? መብራቱንም ኔትወርኩንም ደግሞ ታውቁታላችሁ።

እናት፣ ከአዘዞ

መልስ

እህቴ፣ አይሽጡት። ጌሙንም ሙሉ በሙሉ አይከልክሉት፤ ላፕቶፑን ቶሎ የለመደው በእሱ ነው።

መጀመሪያ ግን ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው፣ ሩቅ አይደለም። መነጽር ብቻ የሚያስፈልገው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሰነፍ ሲባል የሚኖርበት ጊዜ አለ። ዓይኑም ጆሮውም ደህና ከሆነ ነርሷ ያለችው ነገር ሚዛን ይደፋል። ዲስሌክሲያ ፊደልንና ድምፅን ማገናኘት ላይ የሚያስቸግር ነገር ነው። ከብልህነት ጋር አይገናኝም። በቤተሰብም ይወረሳል (አባትየውን በዘዴ ይጠይቁት እስቲ፣ እሱስ ተማሪ ሳለ ንባብ እንዴት ነበር?)።

አሁን ወደ ላፕቶፑ። ላፕቶፕ ልጅዎን ማንበብ ያስተምረዋል ብለው አይጠብቁ። ሥራው ሌላ ነው፦ ንባቡ ቀስ እያለ እስኪሻሻል ድረስ ባዮሎጂውና ታሪኩ እንዳያመልጡት ማድረግ። ልጅዎ በጆሮው የሰማውን እንደሚይዝ ራስዎ ነግረውኛል። እንግዲህ መጽሐፉን ወደ ጆሮው ማምጣት ነው።

የሚጫን ነገር እንኳ አያስፈልግም። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ ማይክሮሶፍት ኤጅ (Edge) የሚባለው የኢንተርኔት መክፈቻ አብሮት አለ። የ9ኛ ክፍል መጻሕፍት ፒዲኤፍ በቴሌግራም እንደ ጉድ ይዘዋወራል፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን አንድ ጊዜ ያውርድ። በኤጅ ይክፈተውና «ሪድ አላውድ» (Read aloud፣ ድምፅ አውጥተህ አንብብ ማለት ነው) የሚለውን ይጫን። ያነብለታል፣ የሚያነበውንም ቃል እያቀለመ ያሳየዋል። ፍጥነቱን ይቀንስ። የእንግሊዝኛው ድምፅ ዊንዶውሱ ላይ ስላለ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። አማርኛም ያነባል፣ መቅደስና አምሀ የሚባሉ ድምፆች አሉት፤ እነሱ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ገጹ በፎቶ የተነሳ ከሆነ ወይም በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ከሆነ ዝም ይላል፣ አለበለዚያ ይቀባጥራል። ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ ሌላ ፋይል ፈልጉ።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንከር ይበሉ። ተጋድሞ መስማት የለም! ዓይኑ ቃሉን እየተከተለ ይስማ። ፈተናው በወረቀት ሲመጣ ማንም አያነብለትምና ዓይኑም መልመድ አለበት። ፊደሉን ትልቅ ያድርገው፣ ይረዳል። ለዲስሌክሲያ ተብሎ የተሠራ ልዩ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) አለ የሚላችሁ ሰው ከመጣ ግን ብር አታውጡበት፤ እስካሁን በጥናት ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየበትም።

አንድ ክፍል ሰምቶ ሲጨርስ መጽሐፉን ይዝጋና የገባውን ለእህቱ ይንገራት። ይሄን አስቀድሞም ያደርገዋል፣ ሳያውቀው ምርጡን የጥናት ዘዴ ይዟል። ራስን እየጠየቁ ማጥናት ደጋግሞ ከማንበብ በጣም ይበልጣል። እዚህ ላይ አንኪ (Anki) የሚባል ፕሮግራም አለ፣ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ስልክ ነፃ ነው፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ልጁ ጥያቄና መልስ ያስገባል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ የከበደውን ቶሎ ቶሎ፣ የያዘውን ቆየት እያደረገ ይጠይቀዋል። መጻፍ ከከበደው ጥያቄውን በራሱ ድምፅ ቀድቶ ማስገባት ይችላል። ካርዶቹን ግን ራሱ ይሥራቸው። ሌላ ሰው የሠራውን ከቴሌግራም ማውረድ ብዙም አይጠቅመውም።

ለጽሑፍ ሥራ ጂቦርድ (Gboard) የሚባለው የስልክ መጻፊያ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲናገሩ ይጽፋል፣ ዳታ ብቻ ይበራ። ተናግሮ ያስጽፍ፣ ከዚያ በላፕቶፑ ያስነብበውና ይስማው፤ በዓይን የማይታየው ስህተት በጆሮ ይያዛል። ሁሉንም በአንድ ሳምንት አይጀምሩ። ሪድ አላውዱ ይቅደም፣ በአንድ ትምህርት ብቻ፣ በቀን ሃያ ደቂቃ። መብራት ከሄደ እህቱ ታንብብለት፣ እሷም ትማርበታለች።

የቀረው ትምህርት ቤቱ ነው። የክፍል ኃላፊውን መምህር ያነጋግሩ። «ሰነፍ አይደለም» ብለው ክርክር ውስጥ አይግቡ፣ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ከሰሌዳ መገልበጡ ቀርቶ የጓደኛውን ደብተር ፎቶ እንዲያነሳ፣ ክፍል ፊት ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብም እንዳይገደድ። ሁለቱም ሳንቲም አያስወጡም። ሲሄዱ አባቱንም ይዘውት ይሂዱ።