የስኪዞፍሬንያ ፖስትዶክ፦ የትኛውን የምርምር ላብ ልምረጥ?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምማረው። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ዶክትሬቴን ልጨርስ ስድስት ወር ቀርቶኛል። የምሠራው የኤምአርአይ ምስል ትንተና ነው። ታላቅ ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ስላለበት ፖስትዶኬን፣ ማለትም ከዶክትሬት በኋላ የሚሠራውን የምርምር ሥራ፣ በዚሁ በሽታ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ሁለት ቦታ አነጋግረውኛል። አንዱ ስሙ የገነነ ትልቅ ላብ ነው፤ ሥራው የተሰበሰበ ዳታ መተንተን ብቻ ነው። ሌላው ከአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ጋር አብሮ የሚሠራ ትንሽ ላብ ነው። ግሪን ካርድ የለኝም። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለወንድምሽ ምሕረቱን ያምጣለት። እኔ ትንሹን ላብ ነው የምመርጥልሽ።

በዚህ ሙያ ከባዱ ነገር በታማሚና በጤነኛ አንጎል መካከል ልዩነት ማግኘት አይደለም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የአእምሮ ሐኪሟ ኢቭ ጆንስተንና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ በስኪዞፍሬንያ ለረጅም ጊዜ የታመሙ ሰዎችን በሲቲ ስካን አነሱ። አንጎል ውስጥ ፈሳሽ የሚይዙት ክፍተቶች ሰፍተው አገኟቸው። በ2018 ደግሞ ኤኒግማ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት የ4,474 ታማሚዎችንና የ5,098 ጤነኞችን ምስል አንድ ላይ ተንትኖ አወጣ። የታማሚዎቹ ኮርቴክስ፣ ማለትም የአንጎላቸው ውጫዊ ሽፋን፣ በአማካይ ሳሳ ያለ ነበር። "በአማካይ" የምትለዋን ልብ በይልኝ። የአንድን ሰው ምስል ብቻ አይቶ "ስኪዞፍሬንያ አለበት" ማለት ዛሬም አይቻልም። ደግሞስ መሳሳቱ ከበሽታው ነው? ለዓመታት ከወሰደው መድኃኒት ነው? ከሲጋራው ነው?

የጭንቅላት እንቅስቃሴም አለ። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ እየሰማ የተጨነቀ ሰው እዚያ ጠባብ ማሽን ውስጥ ዝም ብሎ መተኛት ይከብደዋል። ከ2012 ጀምሮ የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ጭንቅላት ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ መጠን እንኳ ሲነቃነቅ በአንጎል ክፍሎች ግንኙነት ላይ የውሸት ልዩነት ይፈጥራል። ዳታው ፋይል ሆኖ ሲደርስሽ ሰውየው ያን ቀን እንዴት እንደዋለ አታውቂም። ማሽኑ አጠገብ ቆመሽ "አይዞህ፣ አሥር ደቂቃ ነው የቀረን" ስትዪው ግን በኋላ ስክሪንሽ ላይ የምታዪው ነገር ምን እንደሆነ ይገባሻል። ይሄን ከኮድ አትማሪውም። ኮዱን ግን ከየትም ትማሪዋለሽ።

ትንሽ ላብ ስልሽ ግን ዝም ብለሽ እሺ በይ ማለቴ አይደለም። የምርመራ ቃለ መጠይቅ ላይ መቀመጥ እችላለሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ፓንስ በሚባለው፣ የበሽታውን ምልክቶች በ30 መመዘኛዎች በሚለካው መለኪያ ያሠለጥኑሽ እንደሆነም ጠይቂ። "አንቺ ኮምፒውተሩን ብቻ ያዢልን" ካሉሽ ከትልቁ ላብ በምን ተለየ? ከዚያ የወጡ ሁለት ሦስት ፖስትዶኮችንም ፕሮፌሰሩ በሌሉበት ደውለሽ አናግሪ። አሁን የት ናቸው? የራሳቸውን ጽሑፍ በስማቸው አወጡ ወይስ የሰው ሥራ ሲሠሩ ከረሙ?

ገንዘቡ ላይ ጠንቀቅ በይ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ቲ-32 የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የሥልጠና ገንዘብ ለዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ "ደመወዜ ከየት ነው የሚከፈለው?" ይሁን። ፕሮፌሰሩ ለራሱ ምርምር ካገኘው ገንዘብ (ግራንት) ከሆነ የውጭ ዜጋም ሊቀጠርበት ይችላል። ጄ-1 የሚባለውን የልውውጥ ጎብኚዎች ቪዛ ካቀረቡልሽ ደግሞ "ሁለት ዓመት አገርሽ ተመልሰሽ ቆዪ" የሚለው ግዴታ አንቺን ይነካሽ እንደሆነ ሳትፈርሚ የሕግ ባለሙያ ጠይቂ። አውሮፓንም አትርሺ። ማሪ ኪዩሪ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የፖስትዶክ ድጋፍ የየትኛውንም አገር ዜጋ ይቀበላል፤ የምትሄጂበት አገር ውስጥ ባለፉት 36 ወራት ከ12 ወር በላይ መኖር ግን የለብሽም።

እስከዚያው አንድ ነገር ሥሪ። ኦፕንኒውሮ የሚባል የአንጎል ምስል ዳታ ድረ ገጽ ላይ የዩሲኤልኤ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ) ዳታ በነፃ አለ። 50 የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎችና 130 ጤነኞች አሉበት። አውርጂውና ምስሎችን ለትንተና በሚያዘጋጀው በኤፍኤምአርአይፕሬፕ ፕሮግራም አሰናጂው። በእንቅስቃሴ ምክንያት ከየቡድኑ ስንት ሰው እንደምትጥዪ ቁጠሪ። ያንን ሠንጠረዥ ይዘሽ ኢንተርቪው ግቢ፤ ነገሩ እንደገባሽ ያያሉ።

ስለ ወንድምሽ ለማንም መናገር ግዴታሽ አይደለም። መናገር ከፈለግሽ ግን ሳታፍሪ ተናገሪ። ከታማሚዎች ጋር መዋል ስትጀምሪ የእሱ ፊት በየቀኑ ይመጣብሻል፤ ሥራ ስትጨርሺ የምትደውዪለት አንድ ሰው ከአሁኑ አዘጋጂ።