«ግዴለም» ብላችሁ አትፈርሙ

ልጆቼ፣

ውል ሳረቅቅ፣ ውል ሳነብ፣ በውል ሰበብ ስሟገት ነው ያረጀሁት። በእነዚህ ዓመታት እንደ «ግዴታ» እጄ ላይ የተመላለሰ ቃል የለም። እስቲ ስለሱ ላጫውታችሁ።

ሥሩ «ገደደ» ነው። አስገደደ፣ ተገደደ፣ ግዳጅ፣ የግድ፣ ሁሉም ከዚያው ናቸው። ብዙ ወጣት «ግዴታ» ሲባል ፊቱን የሚያጠቁረውም ለዚህ ነው፤ ጉልበት ይሸተዋል። ግን ያው ሥር ሌላም ነገር ይናገራል። «ምን ገደደኝ?» የሚል ሰው ምን ማለቱ ነው? አያሳስበኝም ማለቱ ነው። ግዴለሽ የምንለውም ማንም ያላስገደደውን ሰው አይደለም፤ ደንታ የሌለውን ነው። «ግድ» ውስጥ ጫናም አለ፣ ማሰብም አለ። ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ ቃሉን ወደድኩት።

«ውዴታ»ን ደግሞ አጠገቡ አስቀምጡት። ወደደ፣ ውዴታ፤ ገደደ፣ ግዴታ። «በውድም በግድም» ስንል እናጣላቸዋለን፣ «የውዴታ ግዴታ» ስንል እናስታርቃቸዋለን። አንዳንድ አለቃ ይህን አባባል ሠራተኛው እምቢ እንዳይል ሲጠቀምበት እሰማለሁ። ያ ቃሉን ማበላሸት ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አራተኛ መጽሐፉን ለግዴታዎች ሰጥቷል። ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ነው ይላል። ቁጥር 1706 ደግሞ ተገዶ ለፈረመ ሰው ውሉን የሚያስፈርስበት በር ይከፍትለታል። ስሙ ከማስገደድ መጣ፤ በማስገደድ የተወለደ ውል ግን ሊፈርስ ይችላል። በእርግጥ ሳንፈርም የሚመጣብንም አለ፤ በጥፋቱ ሰው የጎዳ መካስ አለበት። የውሉን ግን «ግዴታ ገባ» ነው የምንለው። ሰውየው በገዛ እግሩ ነው የገባው።

ጀማሪ ሳለሁ አንድ ልጅ ለጓደኛው ዋስ ሊሆን መጣ። ብዕሩን ሲያነሳ «አታነበውም?» አልኩት። «ግዴለም፣ ለፎርማሊቲ ነው» አለኝ። ጓደኛው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እኔም ዝም አልኩ። ከጊዜ በኋላ ጓደኛው መክፈል አቃተው፤ ደብዳቤው ለዋሱ ደረሰ። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ተመለሰና ጣቱን ፊርማው ላይ አድርጎ «ይሄ እኔን ነው?» አለኝ። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «ግዴለም» እኮ ግድ የለም ማለት ነው። ግዴታ ውስጥ እየገባ ግድ የለም አለ፣ እኔም ሰማሁት።

ስለዚህ ለዋስትና የተጠራችሁ እንደሆነ መጀመሪያ የገንዘቡን ልክ ፈልጉ። ቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም ይላል። እኔ አሁን ብዕር ከማቀበሌ በፊት ያቺን አኃዝ በጣታቸው እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ። በቅርቡ አንዲት ልጅ አገኘቻት፣ ሁለቴ አነበበቻት፣ ከዚያ «ይሄንስ አልችለውም» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ጓደኛዋ አኮረፈች። እሷ ግን አልተነሳችም፤ ወንበሯን ወደ ጓደኛዋ አስጠግታ፣ ሌላ በምን ልታግዛት እንደምትችል ትጠይቃት ጀመር።