ልጄ ብሔረሰቦችን ላጥና አለችኝ፣ ምን ልበላት?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ልጄ ስድስት ኪሎ ፍሬሽማን ጨርሳለች። ዲፓርትመንት ምረጡ ሲባሉ ሶሻል አንትሮፖሎጂ አለችኝ። የየብሔረሰቡን ባህልና አኗኗር ማጥናት ነው የምትፈልገው። እኔ ደግሞ ብሔር የሚባል ነገር ሲነሳ ጭቅጭቁ ነው የሚታየኝ። ይሄ ነገር ዩኒቨርሲቲ እንዴት ገባ? ወደፊትስ ይበጃታል? (እናት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እናታችን፣ በመፍራትዎ አይፈረድብዎትም። ግን እንደኔ እንደኔ ጭቅጭቁ የበዛው ጥናቱ ስላነሰ ነው።

ጥያቄው እዚህም አሜሪካም የተነሳው በአንድ ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1968 የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ተማሪዎች፣ ጥቁሩ፣ ከሜክሲኮና ከእስያ የሚወለደው፣ የነባሩ ሕዝብ ልጅ፣ የኛ ታሪክ ለምን አይሰጥም ብለው ትምህርት አቆሙ። አድማው እስከ ማርች 1969 ዘለቀ። ፖሊስ ገባ፣ ብዙ ተማሪ ታሰረ፣ በመጨረሻ ግን ራሱን የቻለ ኮሌጅ ተከፈተላቸው። እዚህ ደግሞ ኅዳር 1962 በኛ አቆጣጠር፣ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ በጽሑፍ አወጣው። እዚያ ጥያቄው ክፍል ገባ። እዚህ በረሃ ገባ።

ጥናት ጭራሽ አልነበረም ማለቴ አይደለም። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። እስካሁንም ያለው ገነተ ልዑል፣ ጃንሆይ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ደርግ ደግሞ በ1975 የብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። ሥራው ትልቅ ነበር፣ ማን የት ይኖራል፣ ምን ይናገራል ብሎ መዝግቧል፤ ግን የተፈለገው ለአዲሱ ሕገ መንግሥትና ለአስተዳደር አከላለል ነበር። ችግሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። መንግሥት ጠይቆ መንግሥት የሚወስደው ጥናት ተማሪው ጋ ሳይደርስ ይቀራል፣ ተማሪው ደግሞ ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀው ከካድሬ የሰማውን ብቻ ይሆናል።

ከ1983 በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ጅማ የኦሮሞ ፎክሎር፣ ሀዋሳ ሲዳምኛ ማስተማር ጀመሩ። ጥሩ ነው፣ የዘገየም ነው። ቅር የሚለኝ ግን ሁሉም የራሱን ብቻ ወደማጥናት ማዘንበሉ ነው። አስመሮም ለገሰን ይመልከቱ፣ ኤርትራዊ ናቸው፣ ቦረና ወርደው ስለ ገዳ ያጠኑት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ። ገዳ በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ያን ሁሉ ዓመት ቀድሞ ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው ተቀምጦ አዳምጧል! ልጅዎም እንዲህ ካሰበች እጅግ ይበጃታል።

የወደፊቱን ፖለቲካው ሳይነካው አይቀርም፣ ይሄ የኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስልዎ። አሪዞና እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ሕግ ቱሶን ከተማ ይሰጥ የነበረውን የሜክሲኮ አሜሪካውያን ትምህርት አስቆመች፣ በ2017 ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። ካሊፎርኒያ በተቃራኒው በ2020 የብሔረሰቦች ጥናትን ለስቴት ዩኒቨርሲቲዎቿ ተማሪዎች ግዴታ አደረገችው። የኛውም የፍሬሽማን ታሪክ ሞጁል ስንት እንዳነታረከ ያስታውሳሉ።

ሥራን በተመለከተ አልዋሽዎትም፣ እንደ አካውንቲንግ ማስታወቂያ ላይ በየቀኑ አይወጣም። ሙዚየም፣ ባህል ቢሮ፣ ኤንጂኦ፣ ማስተማር፣ በቃ ይሄው ነው። ከሌላው የሚለያት ቋንቋ ነው። ስለዚህ ፎርሙን ከመሙላቷ በፊት አንድ ነገር ይጠይቋት፤ የማንን ቋንቋ ልትማሪ ነው? አማርኛ ይበቃኛል ካለች ሌላ ዲፓርትመንት ትፈልግ። ሐመርኛ ወይም አፋርኛ ካለችዎት ግን ይፈርሙላት።