«አሳታፊ ምልከታ» ማንን ያሳትፋል?

ጥያቄ፦ ጅማ ሶሻል አንትሮፖሎጂ መማር ጀምሬያለሁ። አንዱ መምህር «አሳታፊ ምልከታ» ይላሉ፤ ሌላው «ተሳትፏዊ ምልከታ»። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። ነገሩ አጥኚ ከሚያጠናቸው ሰዎች ጋር እየኖረ፣ በሥራቸው እየተካፈለ የሚያይበት የጥናት ዘዴ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ «አሳታፊ» ስሕተት ነው።

«ተሳተፈ» ሲሉ ባለቤቱ ራሱ ገብቶ ተካፈለ ማለት ነው። «አሳተፈ» ግን ሌላው እንዲካፈል አደረገ ነው። ልዩነቷ አንዲት ፊደል ናት፤ ጣጣዋ ግን ብዙ ነው።

አንድ ቤት ቡና ሊፈላ ነው እንበል። አጥኚዋ ደብተሯን አስቀምጣ ሙቀጫው ጋ ትቀመጣለች። ዘነዘናውን ስታነሳ ግማሹ ቡና መሬት ይበተናል። እማወራዋ ይስቃሉ፣ ያሳይዋታል፣ ቶና ላይ ሲደረስ ማንም ያልጠየቀው የጎረቤት ወሬ ይመጣል። ታዲያ ማን ተሳተፈ? አጥኚዋ ናት። ቤቱማ እሷ ሳትመጣም ቡናውን ያፈላ ነበር።

አፋን ኦሮሞም ይህንኑ ይለያል፤ «ሂርማቹ» መሳተፍ፣ «ሂርማቺሱ» ማሳተፍ። ሁለቱንም ሲሰማ የሚውል የጅማ ተማሪ ሊሳሳተው አይገባም።

የቃሉ ሥር ግእዝ ነው። «ሱታፌ» ኅብረት፣ ተካፋይነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ትጠቀምበታለች። ተካፋይ ደግሞ የሚካፈለው ሌሎች ያላቸውን ነው። በዚህ ዘዴ ስሙ የሚነሣው አንትሮፖሎጂስት ማሊኖውስኪ እ.ኤ.አ. በ1915 እና በ1918 መካከል ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ባሉት ትሮብሪያንድ ደሴቶች ላይ ድንኳኑን ሲተክል እንግዳው እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የታተመው የግል ማስታወሻው በሰዎቹ ምን ያህል ይማረር እንደነበር ያሳያል። ሰው መንደር ገብቶም ልቡ ውጭ ሊቀር ይችላል። የሙያው ትልቁ ጥያቄ ይኸው ነው፤ «አሳታፊ» ግን እንግዳውን ባለቤት አድርጎ ጥያቄውን ይሸፍነዋል።

«አጥኚው ሰዎቹን ስለሚያነጋግር ያሳትፋቸዋል» የሚሉ አሉ። አልቀበልም። ያ ሌላ ዘዴ ነው። የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ጥያቄ ሲያወጡ፣ መረጃ ሲሰበስቡ «አሳታፊ ጥናት» ይባላል፤ ቃሉ እዚያ ቦታውን አግኝቷል።

እውነቱን ለመናገር «ተሳትፏዊ»ም አይጥመኝም። አመሠራረቱ እንከን የለውም፤ «ተሳትፎ» ላይ «ዊ» ሲመጣ «ፎ» «ፏ» ይሆናል። አፍ ላይ ግን ይከብዳል። ለእኔ «የውሎ አዳር ምልከታ» ይበልጣል፤ አብሮ መዋልን፣ አብሮ ማደርን ይዟልና። ማስረጃዬ ጆሮዬ ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፎች «ተሳትፏዊ»ን ከያዙት ቆይተዋል፣ ምን ይደረጋል። እርስዎም እሱኑ ይጻፉ። መምህርዎ «አሳታፊ» ካላሉ በቀር አልሰማም ካሉ፣ ይጻፉላቸውና ተሳታፊው አጥኚው መሆኑን ከሥሩ በአንድ መስመር ያስረዱ።